ቆሎን ያኮላሸልን ክሊኒክ፣ እና ከሳሎናችን ሽታውን ያስወጣልን ነገር

የምጽፈው ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጥንቸላችንን ያኮላሸልን የእንስሳት ክሊኒክ ነው፤ ሁለተኛው ሽታውን አጠፋለሁ ብዬ ገንዘቤን ያፈሰስኩባቸው ዕቃዎች ናቸው። ክሊኒኩን በስም አልጠራውም፤ ምስጋናዬም ቅሬታዬም እኩል ስለሆነ ስሙ ይቅር። እኛ ያለነው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ ክሊኒኩ ደግሞ ከቤታችን በመኪና 25 ደቂቃ ያህል ይርቃል።

ቤት ውስጥ ጥንቸል አሳድጋለሁ ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። ደሴ ነው ያደግሁት፤ ጥንቸል ማለት ለእኔ ጦሳ ሥር ከቁጥቋጦ ውስጥ ብድግ ብላ የምትፈተለክ፣ የማትያዝ፣ የማትበላም እንስሳ ናት። ልጄ 9 ዓመት ሲሞላት አባቷ አንድ ቅዳሜ ከሥራ ሲመለስ በካርቶን ይዞላት መጣ። ኔዘርላንድ ድዋርፍ ከሚባለው ትንንሹ ዘር ነው፤ አድጎ ጨርሶ እንኳ 1 ኪሎ ገደማ ነው። መልኩ የተቆላ ገብስ ስለሚመስል "ቆሎ" አልነው።

ሦስት ወር ያህል የቤቱ ጌጥ ነበር። በአራተኛው ወር ግን ጠባዩ ተለወጠ። እግሬ ሥር እየተሽከረከረ "እምምም" ማለት ጀመረ፤ እኔ ደግሞ ፍቅር መስሎኝ "የኔ ጌታ" እያልኩ አባብለዋለሁ። ለካ ጎረምሳ ሆኖ ነው። አንድ እሑድ ማለዳ ለቅዳሴ ልወጣ ነጠላዬን ተኩሼ ሶፋው ላይ ዘርግቻለሁ። ብድግ ብሎ ዘለለና በአየር ላይ እንዳለ ወገቡን ጠምዘዝ አድርጎ ጥለቱ ላይ ረጨበት። በመስመር፣ በደንብ ለክቶ! የመሽኛ ሳጥኑ ውስጥ ከሚሸናው ይህኛው የተለየ ነው፤ ወፈር ያለ፣ የሚያጣብቅ፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ። ነጠላውን ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ግን ቁም ሣጥኔ ያስታውሰኛል።

ቤታችን አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ አፓርትመንት ነው፤ ወለሉ ምንጣፍ፣ መስኮቱ ሩብ ያህል ብቻ የሚከፈት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽታው ከአሳንሰሩ ስንወጣ ይቀበለን ጀመር። ቡና ልትጠጣ የመጣች ጎረቤቴ ሁለተኛውን ሳትጠጣ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ትንሹ ልጅ አሁንም ሌሊት ያመልጠዋል?" አለችኝ። ትንሹ ልጅ 6 ዓመቱ ነው። ሰምቷታል። እስከ ዛሬ አኩርፏታል።

አበሻ ሽታ ሲያስቸግረው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ እጣን አጨስኩ። ጠዋት እጣን፣ ማታ ሰንደል። ውጤቱ በእጣን የታጠነ ሽንት ሆነ። በኋላ ዶክተሯ እንደነገረችን ጥንቸል የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው፣ ሳንባውም ስስ ነው። ጭሱም ሆነ ከሽንቱ የሚነሣው አሞኒያ ከእኛ ይልቅ እሱን ይጎዳዋል። እኛን ሲያስነጥሰን እሱ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍታ ላይ ሆኖ እየማገው ነበር ማለት ነው።

ከዚያ ማኮላሸት የሚል ሐሳብ መጣ። ለእናቴ በቪዲዮ ስነግራት ረጅም ጊዜ ዝም አለችና "ትቀጠቅጡታላችሁ?" አለችኝ። ሐኪም ቤት አደንዝዘው ነው እማዬ አልኳት። "እሺ፣ ሙክት አደረጋችሁት እንበል። አይበላ ነገር፣ ለማን ልታርጂው ነው?" ዋጋውን ስትጠይቀኝ ዋሸኋት።

ለእናንተ ግን አልዋሽም። መጀመሪያ የደወልኩላቸው ሁለት ክሊኒኮች "ውሻና ድመት ብቻ" ብለው መለሱኝ። እዚህ አገር ጥንቸል፣ በቀቀን፣ ኤሊ የሚያክመው ሐኪም ለብቻው የሚፈለግ ነው። ሦስተኛው ጥንቸል ይቀበላል። ለቅድመ ምርመራ 92 ዶላር፣ ለቀዶ ጥገናው ከማደንዘዣውና ቤት ከሚሰጠው የሕመም ማስታገሻ ጋር 465 ዶላር ከፈልን። ባለቤቴ ሒሳቡን አይቶ "በዚህ ብር ደሴ ላይ ስንት በግ ይገዛል?" አለ። እውነቱን ነው። ግን በጉ ነጠላዬን አይሸናብኝም።

የቅድመ ምርመራው ቀን ዶክተሯ ወለሉ ላይ ከእኛ ጋር ቁጭ አለች፤ ቆሎን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠችው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው፣ ያውም ፎጣ አንጥፋ። በመጀመሪያ ወንድነቱን አረጋገጠች፤ ልጅ ሳሉ ወንድና ሴቱ ስለሚምታታ በተሳሳተ ጾታ የሚሸጡ ብዙ ናቸው። ጥርሱን አየች፣ ልቡን አዳመጠች፣ መዘነችው፤ 1.05 ኪሎ። ስንት ጥንቸል አኮላሽተሽ ታውቂያለሽ ብዬ ጠየቅኋት፤ ሳይከፋት በሳምንት ሁለትና ሦስት እንደምትሠራ ነገረችኝ። ወንድ ጥንቸል ከሆዱ ወደ ቆለጡ የሚወርደው ቀዳዳ ዕድሜውን ሙሉ ክፍት ነው አለችኝ፤ ስለዚህ ቆለጡን አውጥቶ ዝም ብሎ መስፋት አይበቃም፣ አንጀቱ ተንሸራቶ እንዳይወጣ ያንን መንገድ መዝጋት ያስፈልጋል። ጥንቸል የማያውቅ ሐኪም የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ለዚህ ማብራሪያ ብቻ 92 ዶላሩን ይቅር ብያለሁ።

አደጋውንም አልሸፈነችልኝም። ቤት ገብቼ ስፈልግ በ2008 የታተመ የእንግሊዝ አገር ሰፊ ጥናት አገኘሁ፤ በማደንዘዣ ምክንያት የሚሞቱት ከ100 ጥንቸሎች 1.4 ያህል ናቸው፤ በጤነኞቹ ላይ 0.73 ነው። ውሻ 0.17 ነው። የጥንቸሎቹ ሞት አብዛኛው የደረሰው ደግሞ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ለልጄ ምንም አልነገርኳትም፤ እኔ ግን ሁለት ሌሊት ተገላበጥኩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ግማሹ የእኔ፣ ግማሹ የክሊኒኩ።

ሥራዬ ሆስፒታል ነው፤ ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸውን ሰዎች አሰናዳለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በቀን አሥር ጊዜ የምናገረው አንድ ነገር ነው፦ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም እንዳትቀምሱ። ከቀጠሮው አንድ ቀን ሲቀረው ክሊኒኩ ስልኬ ላይ መልእክት ላከ፤ እዚያም ያው ተጽፏል፣ "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ አይስጡ።" ጊዜው ዐቢይ ጾም ነው፣ ደብረ ዘይት ካለፈ ሦስት ቀኑ፤ ቤቱም በሽሮና በስልጆ ነው ያለው። ልጄን "ነገ ቆሎም ይጾማል" አልኳትና ማታ አራት ሰዓት ላይ ድርቆሹን አነሣሁበት። ሌሊቱን በሙሉ የሽቦውን በር በጥርሱ ሲጎትት ሰማሁት። ፍስክ ያማረው መስሎኝ ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ስናስረክበው "ከትናንት ማታ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም" አልኳት ለረዳቷ፣ እንደ ጎበዝ ተማሪ። ፊቷ ተለዋወጠ። ገብታ ዶክተሯን ይዛ መጣች። ጥንቸል አይጾምም። ሰው ቀዶ ጥገና ሲደረግለት የሚጾመው ደንዝዞ ሳለ አስመልሶት ወደ ሳንባው እንዳይገባ ነው፤ ጥንቸል ግን ተፈጥሮው ማስመለስ አይችልም። ይልቅ አንጀቱ ያለማቋረጥ መንቀሳቀስ አለበት። ድርቆሽ ከላይ ካልገባ አንጀቱ ይቆማል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ያመዋል፤ ሲያመው ጭራሽ መብላት ይተዋል፤ እንዲህ እያለ በአንድ ሁለት ቀን ሊሞት ይችላል። ዘጠኝ ዓመት የተናገርኩት ቃል ለዚህች 1 ኪሎ ፍጥረት መርዝ ነው።

"መልእክታችሁ ነው የነገረኝ" ብዬ ስልኬን አሳየኋቸው። መልእክቱ ለውሻና ለድመት የተጻፈ ነው፤ ኮምፒውተሩ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው የሚልከው። ዶክተሯ ደጋግማ ይቅርታ ጠየቀችኝ። ቆሎን የመጀመሪያ ተራ ከመሆን አውጥተው ከሰዓት አደረጉት፤ ይዤለት የሄድኩትን ድርቆሽና የድንብላል ቅጠል ፊቱ አደረጉለት፣ አራት ሰዓት ያህል እንደ ልቡ በላ፤ ፋንድያው መውረዱን አይተው ነው ያስገቡት። ቢሰርዙት ኖሮ እንደገና ስድስት ሳምንት ልጠብቅ ነበር። ስለዚህ አንድ ኮከብ የቀነስኩት በመልእክቱ ነው፤ ግማሹን ደግሞ በዚያ ቀን ባሳዩት ቅንነት መልሼላቸዋለሁ።

እናንተ እንዳትሳሳቱ፣ መሰናዶው እንዲህ ነው። ከሳምንት በፊት ጀምሮ አዲስ ምግብ አታስለምዱት። እስከ በሩ ድረስ ድርቆሽ ይብላ። የሚወስዱበት ሳጥን የሚታጠፍ ጨርቅ ሳይሆን ጠንካራ ይሁን፣ ውስጡ የሚያንሸራትት እንዳይሆን ፎጣ ይነጠፍ፤ እኛ አሥር ቀን ቀደም ብለን ሳሎን ውስጥ ክፍቱን አስቀመጥንለትና ራሱ እየገባ መተኛት ለመደ። ሌላው፣ በስሪንጅ መጠጣትን አስቀድማችሁ አለማምዱት። ልጄ በየቀኑ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የፖም ጭማቂ እየጨመረች በመርፌ አልባ ስሪንጅ ታጠጣው ነበር፤ ጨዋታ መስሎን ነበር፤ ኋላ ነፍሱን ያቆየው እሱ ነው። የጥንቸል ሄሞራጂክ የሚባለው፣ ደም እያፈሰሰ የሚገድለው ቫይረስ ክትባትም አለ፤ ሁለት ጊዜ በ21 ቀን ልዩነት ይወጋል፣ ከዚያ በዓመት አንዴ። ከቀዶ ጥገናው ጋር እንዳይደራረብ ቀደም ብለን ጨረስን።

ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተረከብነው። አንገቱ ላይ ውሻ የሚያጠልቁትን ጉልላት መሳይ ነገር አላደረጉለትም፤ ጥንቸል ሌሊት የሚጥለውን ለስላሳ ፋንድያ ጎንበስ ብሎ መልሶ መብላት ስላለበት ይከለክለዋል። ሜሎክሲካም የሚባል ማስታገሻ በቀን አንዴ፣ ለአምስት ቀን፤ ኦክስቦው የሚያመርተው ክሪቲካል ኬር የሚባል ዱቄት ደግሞ በውኃ ተበጥብጦ እምቢ ካለ በስሪንጅ እንዲሰጠው። ሽታው የድርቆሽ ነው፣ ሲበጠበጥ ቀጠን ያለ የአብሽ ፍትፍት ይመስላል።

ያ ሌሊት! ሰጋቱራ ቁስሉ ላይ እንዳይጣበቅ በንጹሕ ብርድ ልብስ ላይ አስተኛነው። ጥግ ይዞ ተኮማትሮ፣ ዓይኑን በከፊል ጨፍኖ፣ ጥርሱን ያንቀጫቅጫል። የሕመም ነው። እስከ አምስት ሰዓት አንድ ቅጠል አልነካም። ዱቄቱን በጥብጬ በጥርሱ ጎን በኩል ጥቂት ጥቂት አደረግሁለት፤ ልምዱ ስላለው ዋጠ። ከዚያ ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግቼ ተኛሁ። ሌሊት አሥር ሰዓት ገደማ ቅር፣ ቅር የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ፤ ድርቆሽ እየበላ ነው። በስልኬ መብራት ብርድ ልብሱን ፈተሽኩ። ሰባት ፍሬ። ሽምብራ የሚያካክሉ፣ ከወትሮው ትንሽ ያነሱ፣ ግን ሰባት! ባለቤቴን ቀስቅሼ አሳየሁት። "ለዚህ ነው የቀሰቀስሽኝ?" ብሎ ተገላብጦ ተኛ፤ ጠዋት ግን ለልጆቹ ሲያወራ እሱ ራሱ የቆጠራቸው አስመስሎ ነው።

ስለ ሽታው ልንገራችሁ። በማግስቱ የሚጠፋ መስሎኝ ነበር፤ አይጠፋም። ሆርሞኑ ከደሙ እስኪወጣ ጊዜ ይፈልጋል። በሁለተኛው ሳምንት አሁንም መጋረጃው ላይ ረጭቷል። በአምስተኛው ሳምንት ቆመ። (እስከዚያ ደግሞ ከሴት ጋር አታገናኙት፤ ከተኮላሸ በኋላ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ማስረገዝ ይችላል።) ከዚያ በኋላ የቀረው ሽታ የጥንቸሉ ሳይሆን የመሽኛ ሳጥኑ ነበር፤ እዚህ ላይ ነው ገንዘቤን የጨረስኩት።

ሳጥኑ ውስጥ ልነጥፍለት በመጀመሪያ የገዛሁት ሴደር የሚባል እንጨት ሰጋቱራ ነው። ከረጢቱን ስከፍተው የቤተ ክርስቲያን ግቢ ጥድ ሸተተኝና ደስ አለኝ። ደስ ያለኝ ሽታ ራሱ ችግሩ ነው፤ ከእንጨቱ የሚተነው ነገር የጥንቸልን ሳንባና ጉበት ይጎዳል። ሁለተኛው እርጥበት ሲነካው የሚረጋው የድመት አሸዋ ነው። ጥንቸል የተኛበትን ይቀምሳል፤ አሸዋው ሆድ ውስጥ ቢያብጥስ? ዶክተሯ ስትሰማ ዛሬውኑ ጣይው አለችኝ። ሦስተኛው በወረቀት የተሠራ እንክብል ነው፤ ጥሩ ነው፣ ይመጥጣል፣ ግን ለአንድ ወር 30 ዶላር አካባቢ ይፈጃል።

መጨረሻ ላይ ያሸነፈው ሰው ለማሞቂያ ምድጃ የሚገዛው የእንጨት እንክብል ነው። 40 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኪሎ፣ በ8 ዶላር። በከፍተኛ ሙቀት ስለደረቀ ያ የሚተነው ነገር ወጥቶለታል፤ ከረጢቱ ላይ ማቀጣጠያ ኬሚካል እንዳልተጨመረበት ብቻ አንብቡ። ሽንት ሲነካው ይፈርስና ሰጋቱራ ይሆናል፣ ሽታውን ይዞ ከሥር ይቀመጣል። አንድ ከረጢት ለእኛ ሁለት ወር ተኩል ሄደ። ባለቤቴ ተሸክሞ ሲያስገባ የሕንፃው ጠባቂ አይቶ ምድጃ ልታስገቡ ነው እንዴ ብሎ ደነገጠ፤ ጥንቸሉን አምጥተን ማሳየት ነበረብን።

ሳጥኑም የጥንቸል ተብሎ የሚሸጠውን ሦስት ማዕዘን ማንቆርቆሪያ የሚያክል ነገር አትግዙ። ትልቅ የድመት ሳጥን ይሻላል። በአንዱ ጥግ ጢሞቲ የሚባለውን ድርቆሽ ክምር አድርጉለት፤ ጥንቸል እየበላ ነው የሚጸዳዳው፣ ስለዚህ ድርቆሹ ያለበት ቦታ ሽንት ቤቱ ይሆናል። በየሁለት ቀኑ አራግፋለሁ፤ ግን አንድ ጭብጥ የቆየውን እተዋለሁ፣ ሽታውን ካላገኘው ቦታው ይጠፋበታል። ፋንድያው ራሱ ደረቅ ነው፣ እምብዛም አይሸትም፤ የአበባ ማሰሮዬ ውስጥ እጨምረዋለሁ፣ ጤና አዳሜ እንደዚህ ለምልሞ አያውቅም።

ከሳጥኑ ሥር የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ግን በሳሙና ብትፈትጉት አይለቅም። ጥንቸል ከምግቡ የተረፈውን ካልሲየም የሚያስወጣው በሽንቱ ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ዓይነት ነው። ነጭ አቼቶ አፍስሳችሁ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ እየተንጨረጨረ ይለቃል፤ ሽታውም አብሮ ይሄዳል። በረኪና ግን አታቅርቡ፤ ከሽንት ጋር ሲገናኝ ጎጂ ጋዝ ያወጣል፣ እኛ ሆስፒታልም የምንጠነቀቀው ነው። ምንጣፉ ላይ ለረጨው ደግሞ በኢንዛይም የሚሠራውን የቤት እንስሳት ማጽጃ ተጠቅሜ አንዱ ጠርሙስ በ17 ዶላር ሥራውን ሠርቶልኛል። ሲገዙት ሽቶ የሌለውን ምረጡ።

ሽንቱ አንዳንዴ ቀይ ቢሆን አትጩኹ። እኔ ጮኼ ነበር፣ የሆስፒታል ሠራተኛ ብሆንም። ከሚበላው ቅጠል የሚመጣ ቀለም ነው ብዙውን ጊዜ። ካልበላና ሲሸና ካማጠ ግን ሐኪም ጋ ነው።

አንድ የቀረ ሽታ ነበር፤ ሳጥኑ ታጥቦ፣ ምንጣፉ ደርቆ፣ ቆሎን ሳቅፈው ከሥሩ የሚመጣ። ብልቱ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ኪሶች አሉ፤ እዚያ ውስጥ ቡናማ ሰም የመሰለ ይጠራቀማል። በሁለት ወር አንዴ በሞቀ ውኃ በራሰ ጥጥ ቀስ አድርጌ አወጣዋለሁ፣ ልጄ አንገቱን ይዛ አፍንጫዋን በትከሻዋ ደፍና። ገላውን ማጠብ ግን የለም፤ ጥንቸል ውኃ ውስጥ ከገባ ይደነግጣል፣ ይበርደዋል፣ በዚያው ሊሞት ይችላል።

ይኸው ዓመት ሆነን። ጎረቤቴ ተመልሳ መጥታ ሦስተኛውን ጠጥታለች፤ ትንሹ ልጅ ግን አሁንም ሰላም አላላትም። ለክሊኒኩ ከአምስት አራት ተኩል ሰጥቻለሁ፤ ለምድጃው እንክብል አምስት፤ ለሴደሩ ምንም። ለዓመቱ ክትባት ባለፈው ማክሰኞ ቀጠሮ ነበረን። ሰኞ ማታ ስልኬ ጮኸ፤ ክሊኒኩ ነው። "ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምግብ አይስጡ።" ለክትባት። ልጄ አነበበችውና ቆሎ ፊት ድርቆሽ ጨመረችለት።